የተጠራ እንግዳ ቅሬታ
ስለ ኮል ኦፍ ዱቲ ኢሊት አከፋፈት የቀረበ ሂስ

ጨዋታ ባለበት ስፍራ ሁሉ ማኅበር አለ። ገበጣ የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ቅሉ፥ ዙሪያቸውን ከብቦ የሚመክር፥ የሚፈርድና የሚከራከር ተመልካች አይታጣም። ማን በምን ዘዴ እንዳሸነፈ ከጨዋታው በኋላ የሚነገረው ወሬም ከጨዋታው ያላነሰ ደስታ የሚሰጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን መስኮት የሚደረገው የዛሬው የቪዲዮ ጨዋታም ከዚህ ልማድ አልወጣም። ልዩነቱ ተጫዋቾቹ በየአገራቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚገናኙ መሆናቸውና የሚሰበሰቡበትም ስፍራ ብዙውን ጊዜ የአንድ ነጋዴ ኩባንያ ንብረት መሆኑ ነው።

እንግዲህ የሰው መሰብሰቢያ የሚሆነውን ቤት ነጋዴ በሠራው ጊዜ፥ ባለቤቱ ለተሰብሳቢዎቹ ያለበት ግዴታ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ሕዝብን ጠርቶ አገልግሎት እሰጣለሁ የሚል ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ መሆኑን እንዲያስተውልልን እንለምነዋለን። ለምርመራችንም ኮል ኦፍ ዱቲ ኢሊት የተባለውን የተጫዋቾች መሰብሰቢያ ገጽ መርጠናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮል ኦፍ ዱቲ በዓለም እጅግ ከታወቁት የጦርነት ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ አሳታሚው አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በሜይ ወር 2011 ለጨዋታው ወዳጆች ልዩ መሰብሰቢያ እንደሚከፍት አስታወቀ። ተጫዋቹ በዚያ ስፍራ የጨዋታውን ውጤት በዝርዝር ይመረምራል፤ ጓደኞቹን በቡድን ያደራጃል፤ በሚዘጋጁት ውድድሮችም ተካፍሎ ይሸለማል ተባለ። ከዚህም አንዱ ክፍል ለሁሉ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፥ በዓመት 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለሚከፍሉ አባሎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በተከታታይ የሚወጡ አዳዲስ የመጫወቻ ሜዳዎችና ሌሎችም ነገሮች ይጨመሩላቸዋል የሚል ተስፋ ተሰጠ። ተስፋው መልካም ነበር፤ ተጫዋቹም አመነ፤ ብዙ ሰውም አስቀድሞ ከፈለ።

ኖቬምበር 8 ቀን 2011 ሞደርን ዋርፌር 3 የተባለው አዲሱ ጨዋታ ለገበያ ሲወጣ በዚያው ዕለት የመሰብሰቢያው በር ተከፈተ። ዳሩ ግን የበሩ መከፈትና የእንግዳው መግባት አንድ ሆኖ አልተገኘም። የተጫዋቹን ጥያቄ የሚቀበሉት ሰርቨር የተባሉት ኮምፒዩተሮች ጭነቱን ሊሸከሙት አልቻሉም። ስሙን ሊያስመዘግብ የመጣው ተመዝጋቢ ሳይሳካለት ተመለሰ፤ የከፈለውም አባል ካልከፈለው ጋር አብሮ ደጅ ጠና። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ምክንያት የፈላጊው ቍጥር እጅግ መብዛቱ ነበር።

ይህን ምክንያት እኛ በቀላሉ ልንቀበለው አንችልም። ከዚያ አስቀድሞ በነበረው ዓመት፥ በኖቬምበር 2010፥ ይኸው ኩባንያ ብላክ ኦፕስ የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ በሰሜን አሜሪካና በእንግሊዝ አገር ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ 5.6 ሚሊዮን ያህል ቅጂ መሸጡን በኩራት አስታውቆ ነበር። በ2011 ደግሞ በነዚሁ አገሮች በመጀመሪያው ቀን ከ6.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ቅጂ ተሸጠ፤ የገንዘቡም ልክ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። እንግዲህ የእንግዳው ብዛት ድንገተኛ ነበር ለማለት እንዴት ይቻላል? በዚህም ላይ ገጹ በ2011 በጋ ለሙከራ ተከፍቶ በሕዝብ ተፈትኗል። እንግዳውን ቈጥሮ የሚያውቅ፥ ዳሱንም አስቀድሞ የሞከረ ደጋሽ፥ በድግሱ ዕለት ሰዉ በዛብኝ ቢል የሚያምነው ጎረቤት አያገኝም።

በእኛ አስተያየት የጥፋቱ ሥር ከመሣሪያው ይልቅ በቀኑ አመራረጥ ላይ ነው። የአንድ ዓመት የአባልነት ክፍያ ከጨዋታው ልዩ እትም ጋር ተጣምሮ ስለ ተሸጠ፥ ኩባንያው ሁለቱን ድግስ በአንድ ቀን ለማድረግ ራሱን አስገደደ። መሰብሰቢያውን ጥቂት ሳምንት አዘግይቶ መክፈት ይቻል ነበር፤ ወይም እንግዳውን በተራ በተራ፥ አስቀድሞ የከፈሉትን ቀጥሎም ሌሎቹን እያስገቡ ቤቱን ማለማመድ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ቀኑን የወሰነው የቤቱ መዘጋጀት ሳይሆን የገበያው ቀጠሮ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተጫዋቾቹ ቅሬታ እንመለስ። ከቅሬታ አቅራቢዎቹ መካከል አፋቸውን ያላረሙ፥ ሠራተኞቹን የተሳደቡና ነገሩን ሁሉ ማጭበርበር ነው ያሉ አልታጡም። ስድብ ማስረጃ አይሆንምና እነዚህን አንደግፍም። የማጭበርበሩ ክስም ቢሆን እውነት አይደለም፤ ቤቱ ቈይቶ ተጠግኗል፤ በ2012 ጸደይ ላይ የተመዝጋቢዎቹ ቍጥር ከ10 ሚሊዮን፥ የከፋዮቹም ቍጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ነገር ግን የስድቡን ገለባ አበጥረን ብንጥለው ከሥሩ የሚቀር ፍሬ አለ። ይኸውም የተከፈለበት ነገር በተባለው ቀን ይሰጠን፤ ካልተቻለም አስቀድሞ ይነገረን የሚል ነው። በግል ኮምፒዩተር የሚጫወቱት ወገኖች ቅሬታ ከዚህም የጠነከረ ነበር፤ አገልግሎቱ ለእነርሱም ይመጣል ሲባል ከቈየ በኋላ በ2012 ሐሳቡ መቅረቱ ተነገራቸው። ጨዋታውን የማይወድ ሰው ትቶት ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይሟገትም፤ ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ቍጣ የወዳጅ ቍጣ መሆኑን ኩባንያው ሊያስተውለው ይገባ ነበር።

ኩባንያው ለመጀመሪያዎቹ ከፋይ አባሎች በካሣ መልክ በአባልነታቸው ላይ 30 ቀን ጨመረላቸው። ጥፋትን አምኖ መካስ የሚመሰገን ነው፤ እኛም እናመሰግናለን። ሆኖም የአዲስ ጨዋታ ጣዕሙ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሁሉም እኩል ጀማሪ ሆኖ የሚገናኝበት፥ ቡድን የሚመሠረትበትና ዝና የሚወጣበት ሰሞን ያ ነው። የፋሲካን ዕለት በደጅ ቆሞ ለዋለ እንግዳ በክረምት የ30 ቀን ምሳ ቢጨመርለት ሆዱ ይጠግብ ይሆናል እንጂ ፋሲካውን አላገኘም። ኩባንያው የቀን ዕዳውን ከፈለ፤ የክብሩን ዕዳ ግን በዚህ ሊከፍለው አልቻለም።

ለማነጻጸር ያህል፥ በዚያን ጊዜ ከአክቲቪዥን ጋር በአንድ የበላይ ኩባንያ ሥር የነበረውን ብሊዛርድን እንጥቀስ። ብሊዛርድ ጁላይ 6 ቀን 2010 በመወያያ ገጹ ላይ የሚጽፍ ተጫዋች ሁሉ እውነተኛ ስሙን ከነአባቱ እንዲገልጥ ሊያደርግ ማሰቡን አስታወቀ። ተጫዋቾቹ የግል ኑሯችንን ለአደጋ ያጋልጣል ሲሉ በብዙ ሺሕ በሚቈጠር ጽሑፍ ተቃወሙ። በሦስተኛው ቀን፥ ጁላይ 9፥ የኩባንያው መሪ ማይክ ሞርሃይም ሐሳቡ መተዉን ራሱ ገለጠ። ጥፋቱ ከኢሊት ጥፋት ያነሰ አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራው ሳይፈጸም በፊት ስለ ተነገረ፥ ተጫዋቹ ምክሩን ለመስጠት፥ ኩባንያውም ሐሳቡን ለማረም ጊዜ አገኙ። የኢሊት እንግዶች ግን ቤቱ እንዳልተዘጋጀ ያወቁት በሩን ባንኳኩ ጊዜ ነው።

በ2012 መጨረሻ ክፍያው ቀርቶ አገልግሎቱ ለሁሉ ነጻ ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2014 ግን ቤቱ ፈጽሞ ተዘጋ። ዕድሜው ከሁለት ዓመት ከአራት ወር አልሞላም። በዚያ ስፍራ ቡድናቸውን ያደራጁት ተጫዋቾችም ሌላ መሰብሰቢያ ፈለጉ። ማኅበራቸው ከቤቱ በፊት የነበረ ነውና ከቤቱም በኋላ ኖረ። ኩባንያው ቤቱን ሊሠራና ሊዘጋው ይችላል፤ ማኅበሩን ግን እርሱ አልፈጠረውም፤ ከበሩ ውጭ ሲያቆመውም የራሱን ዕቃ እንዳስቀመጠ ሊቈጥረው አይገባም ነበር።

ከዚህ ታሪክ በየመሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ በር የሚከፍት ሹም አንድ ነገር ይማር ይሆናል፤ ይኸውም የመክፈቻውን ቀን ከመናገሩ በፊት እንግዳውን መቍጠርና ቤቱን መመልከት እንደሚገባው ነው። ቅሬታውን የሚጽፍ ተማሪም ስድቡን አስቀርቶ የተሰጠውን ቃልና የተደረገውን ነገር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፥ አቤቱታው የበለጠ እንደሚሰማለት እናምናለን።