የትራውት መንጠቆና የግልገል ዓባይ ነጭ ዓሣ

ትራውት የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚታሰረው የሽሪምፕ ዝንብ፣ ማለትም በመንጠቆ ላይ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ማማለያ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። በመንጠቆው ላይ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ይጠመጠማል፤ በላዩ ግራጫ ወይም ወይራማ ሱፍ ይደረባል፤ ጀርባው በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ በመዳብ ሽቦ ይሸነሸናል፤ በመጨረሻም የሆዱ ሱፍ በመርፌ እየተጎረጎረ እግር እንዲመስል ይደረጋል። እንዲመስል የተፈለገው ጋማረስ ነው፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀዝቃዛ ወንዞች የሚኖር፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት። እኔ ይህን መንጠቆ የማየው እንደ ክርክር ነው። አሳሪው “ይህ ዓሣ፣ በዚህ ውኃ፣ ይህን ይበላል” ብሎ በሱፍና በሽቦ ይናገራል፤ ትክክል መሆን አለመሆኑን ደግሞ ዓሣው ይፈርዳል።

ክርክሩ ሲሳሳት ማየትም ይቻላል። ብዙዎቹ የሽሪምፕ ዝንቦች በጎበጠ መንጠቆ ላይ ይታሰራሉ፤ ጋማረስ ግን የሚጎብጠው ሲያርፍ ወይም መዳፍ ላይ ሲወጣ ነው፤ ሲዋኝ ይዘረጋል። ስለዚህ የጎበጠው ዝንብ የሚመስለው አጥማጁ በእጁ ይዞ ያየውን እንጂ ዓሣው በወራጅ ውኃ ውስጥ የሚያየውን አይደለም። በአንጻሩ አንዳንድ አሳሪዎች ገላው ላይ የሚጨምሩት ብርቱካናማ ነጥብ ከባድ እውነት ይዟል። አንድ ጥገኛ ትል በጋማረስ ውስጥ ሲያድግ ብርቱካናማ ሆኖ በስሱ ቅርፊት በኩል ይታያል፤ የተያዘው ጋማረስም ብርሃን መሸሹን ይተውና ከድንጋይ ሥር ይወጣል። ትሉ ዕድገቱን የሚጨርሰው በዓሣ አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ ተሸካሚው መበላቱ ይጠቅመዋል። በአንዲት ነጥብ ውስጥ ይህን ሁሉ ማሳየት የሚቻለው ወንዙን አጎንብሶ ለተመለከተ ሰው ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የኤቨን ወንዝ ጠባቂ ፍራንክ ሶየርም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እግርና ዓይን ትቶ ቅርጽን፣ መጠንንና አሰማመጥን ብቻ በመዳብ ሽቦ አስሯል።

ወደ እኛ አገር የመጣው ግን ይህ አስተያየት አልነበረም፤ ዓሣው ራሱ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትራውት ከኬንያ ተወስዶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ፤ በወይብና በዳንካ ዛሬም ይጠመዳል። ባሌ ለቱሪስት የሚነገር ምሳሌ ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን የአዊ ዞን ከተማ እንጅባራንና በዙሪያዋ ያሉትን ቀዝቃዛ ጅረቶች ያየ ሰው “እዚህስ ለምን አይሆንም?” ሊል ይችላል። ይህን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ምክንያቴ የውኃው መድረሻ ነው። በዚያው በአዊ ከዳንግላ አካባቢ የሚነሱ ብዙ ጅረቶች በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ጣና ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ሲቢንግና ናግልከርከ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 15 ያህሉን በአፋቸው ስፋት፣ በስንጥባቸውና በጉሮሮ ጥርሳቸው ለክተው ምን ሊበሉ እንደሚችሉ ተነበዩ፤ ከዚያም ትንበያውን በሆዳቸው ከተገኘው ምግብ ጋር አመሳከሩ። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ጥርስ ከሌለው የካርፕ ቤተሰብ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከስምንቱ አንዱ በቁመናው ትራውትን ስለሚመስል ሳይንሳዊ ስሙ ከዚያ ወጥቷል። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወደ ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ይራባሉ። ትናንሽ ዓሣ የሚበላ ባዕድ አዳኝ ወደ እነዚህ መራቢያዎች መልቀቅ ማለት የማይተካ ነገርን ለመዝናኛ ማስያዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ እንኳ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ምርት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል፤ ወደ መራቢያ ሲወጡ በወንዝ አፍ በመረብ መያዛቸው ዋናው ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል።

ሌላው ስጋት ብርብራ የተባለው ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ጅረት ውስጥ ሲበተን በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣውን አተነፋፈስ ያውካል፤ ዓሣውም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። መርዙ ታላቅ ታናሽ አይለይም፤ ጫጩቱንም፣ ከድንጋይ ሥር ያለውንና ዓሣው የሚመገበውን የነፍሳት እጭም አብሮ ይፈጃል። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ለዕለት ጉርስ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሆኖም የከርሞውን ምግብ ከነዘሩ ያጠፋል።

ከሽሪምፕ ዝንብ የምንወስደው እንግዲህ መንጠቆውንም ትራውቱንም ሳይሆን ድንጋይ ገልብጦ የማየት ልማዱን ይሁን። ለዚህ አዊ የሚችል ሰው አላጣም። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ አርሶ አደሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃን በየጊዜው እየለኩ መዝግበዋል፤ በ2016 የታተመ ጥናትም መረጃቸውን ከመደበኛው ጋር አነጻጽሮ የሚታመን ሆኖ አግኝቶታል። የወንዝ ከፍታ የሚያነብ ሰው፣ ነጭ ሳህን ላይ ውኃ ጨምሮ ከድንጋይ የታጠቡትን እጮች በዓይነት መለየትና መቁጠር አያቅተውም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ናሙናውን የሚያጣራ ባለሙያ ቢመድብ፣ ጥቅምት ላይ ውኃው ሲጠራ፣ ዳግም ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ በየጅረቱ የነጭ ዓሣ ጫጩት ምን እንደሚበላና ብርብራ የተበተነበት ጅረት ምግቡን በስንት ጊዜ እንደሚመልስ በቁጥር ይታወቃል። ነጭ ዓሣን በመንጠቆ ማጥመድ የሚፈልግም ካለ፣ ዝንቡን የሚያስረው ያን መዝገብ ከፊቱ ዘርግቶ ይሆናል።