96 በመቶው ማንኪራ ሲደርስ

ሌክሲስኔክሲስ ሪስክ ሶሉሽንስ የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ጥናት በአንድ ቁጥር ይታወቃል፤ 96 በመቶ። ሞኤን የተባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ‹ፍሎ› የተባለ ስማርት የውሃ መቆጣጠሪያ በገጠሙ 2,306 ቤቶች ውስጥ ኢንሹራንስ ካሳ የከፈለባቸው የውሃ መፍሰስ አደጋዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በ96 በመቶ ቀንሰዋል ይላል። የካሳው መጠንም በ72 በመቶ ወርዷል። ለማነጻጸሪያ በየአካባቢው ያሉ 1.3 ሚሊዮን ቤቶች ተወስደዋል። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከሽያጭ ማስታወቂያ አልጠፋም።

ዕቃው ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ መስመሩ ላይ ይገጠማል። የሚያልፈውን ውሃ፣ ግፊቱንና ሙቀቱን ይለካል፤ የቤተሰቡን አጠቃቀም እየለመደ ይሄድና ፍሰቱ ከልክ ያለፈ ሲመስለው በስልክ ያስጠነቅቃል፤ መልስ ካጣም ራሱ ይዘጋል። ሰው በሌለበት የተበጠሰ ፍሌክሲብል አንድን ሳሎን ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው ይህን ሐሳብ አይንቅም። እኔም አልንቅም። ቅሬታዬ ከቁጥሩና ቁጥሩ ከተሰበሰበበት ቤት ጋር ነው።

ጥናቱ ሳይደብቅ ያስቀመጠው አንድ ነገር አለ። ዕቃውን የገጠሙት ቤቶች ከመግጠማቸው በፊት ከሌላው ቤት የበለጠ የውሃ አደጋ የደረሰባቸው ነበሩ። ከገዢዎቹ መካከል ቤቱ አንዴ ከተጥለቀለቀ በኋላ ወደ ሱቅ የሮጠ ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው የፈነዳውን ቧንቧ አስቀይሯል፣ የዛገውን ቦይለርም አስወርዷል። ምንም ስማርት ዕቃ ባይገጥም እንኳ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ጎርፍ የማየቱ ዕድል ጠባብ ነው። ከ96 በመቶው ስንቱ የዕቃው፣ ስንቱ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ እንደሆነ ጥናቱ ለይቶ አያሳይም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተቆጠሩት አደጋዎች ማነስ ነው። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ዘርፍ አኃዝ መሠረት ዋስትና ካላቸው ቤቶች በዓመት ከ60ው አንዱ ገደማ ለውሃ ወይም ለውርጭ ጉዳት ካሳ ይጠይቃል። በዚህ ስሌት 2,306 ቤቶች በዓመት 40 የማይሞላ ጥያቄ ያቀርባሉ። የእነዚህኞቹ ከዚያ ቢበልጥ እንኳ ተአምሩ ሁሉ የቆመው በጥቂት አሥሮች ላይ ነው፤ ከ40ው አንዱ ቤት ሲጨመር መቶኛው በሁለት ነጥብ ተኩል ይንቀሳቀሳል። ውርጩንም ልብ በሉ። እዚህ ካፋ፣ ቦንጋ ከተማ ላይ ቧንቧ በበረዶ ተሰንጥቆ አያውቅም።

ታዲያ ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ካፋ እንውረድ። ማንኪራ የቡና መገኛ ተብላ የምትጠራ የደቻ ወረዳ መንደር ናት። እዚያ ጫካው ሥር የሚኖረው ብዙ ሰው ከምንጭ ይቀዳል እንጂ ቦይለር አያስገጥምም። ‹እናት ቡና› የሚባለውን ዛፍ ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ግን ማታ ቦንጋ ሲመለስ ሙቅ ሻወር ይጠይቃል፤ የሚያድርበት ቤት ጣሪያ ላይም የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ተቀምጧል።

ጥናቱ የማያውቀው ይህንን ሮቶ ነው። አሜሪካዊው ቤት ከመንገድ እስከ ቦይለር በግፊት የተሞላ አንድ መስመር ነው። የእኛ መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ፣ ከሮቶ እስከ ቦይለር። ዕቃው ከቆጣሪው ቀጥሎ ቢገጠም የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ሌሊት የቦይለሩ ፍሌክሲብል ቢበጠስ ከመንገድ የሚመጣው ይዘጋል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሁለት ሺህ ሊትር ግን እስከ መጨረሻው ወደ ሳሎን ይወርዳል። ይባስ ብሎ ለቀናት ጠፍቶ የመጣ ውሃ ሮቶውን ሲሞላ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይፈሳል። አልጎሪዝሙ ይህን ምን ይለዋል? ቧንቧ ፈነዳ ብሎ ይዘጋዋል። በሰልፍና በጄሪካን የተጠበቀን ውሃ በስልክ ትእዛዝ የሚመልስ ዕቃ ገዝቶ መግጠም ለጎረቤት የሚነገር ጉዳይ አይደለም።

ከሮቶው በታች ቢገጠምስ? ቦታው እሱ ነው፤ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ በየሜትሩ ከፍታ የሚያገኘው ግፊት 0.1 ባር ገደማ ነው፤ አራት ሜትር ቢወርድ 0.4 ባር። ዕቃው በየጊዜው መስመሩን ዘግቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ በማየት ጥቃቅን ፍሳሽን ይፈልጋል። ሲጀመርም እዚህ ግባ የማይባል ግፊት ከዚህ በላይ ወርዶ ምን ያሳያል? በዚያ ላይ ከግድግዳ ሶኬት ነው የሚሠራው። ዝናቡ ከብዶ መብራት ሲሄድ ጥበቃውም አብሮ ይሄዳል፤ ውሃው ግን መብራት አይጠይቅም።

ወለል ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ የባትሪ ማንቂያዎች ይሻሉ፤ ርካሽም ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ቦይለራችንን ሊያውቁት ይገባል። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ጋኑ ውስጥ ግፊት ሲበዛም፣ ብዙውን ጊዜ 8 ባር ገደማ ሲደርስ፣ ይተነፍሳል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በመጠኑ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያች ቫልቭ ነው፤ ስለዚህ ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ቢንጠባጠብ ሥራውን እየሠራ ነው። ማንቂያውን ከሥሩ ያስቀመጠ ሰው በየማለዳው ‹አደጋ› ይሰማል። ሰልችቶት ቫልቩን በቴፍሎን ጠቅልሎ በቡሽ የደፈነው ቀን ደግሞ እውነተኛው አደጋ ይጀምራል፤ ቴርሞስታቱ ከተበላሸ ጋኑ መተንፈሻ የለውም። መፍትሔው ቀጭን ቱቦ ከቫልቩ እስከ ወለል መውረጃ መዘርጋት ነው። የሻወር ቤታችን ወለል እንደሆነ ሰው በታጠበ ቁጥር ይረጥባል፤ ስለዚህ ማንቂያው ከበሩ ውጭ፣ ውሃ በደህና ቀን በማይደርስበት ጥግ ይቀመጥ።

የመሬት ሽቦ ስለሌለው ቦይለር ጥናቱ አንድም ቃል የለውም፤ ከጉዳዩ ውጭ ስለሆነ አልወቅሰውም። እኛ ግን የውሃ ማንቂያውንና የመሬት ሽቦውን ለይተን መግዛት የለብንም። የሚያፈስ ቦይለር ኤሌክትሪክም ሊያፈስ ይችላል፤ ያንን ደግሞ የውሃ ማንቂያ አይሰማም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ጥናቱ የሚቆጥረው ነገር ነው። ካሳ ይቆጥራል፣ ሊትር አይቆጥርም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አንድ ተራ ቤት በዓመት ወደ 10,000 ጋሎን፣ ማለትም 38,000 ሊትር ገደማ፣ በፍሳሽ እንደሚያባክን ይገምታል። አብዛኛው ሌሊቱን የሚያፏጭ የሽንት ቤት ፍላሽና ያረጀ ጎማ ያለው ቧንቧ ነው። ለዚህ ማንም ካሳ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ የለም። የቤት ኢንሹራንስ እምብዛም በማይታወቅበት ቦንጋ ደግሞ መለኪያው እንዳለ ባዶ ይሆናል።

እዚህ የሚያስፈልገን ጥናት ትንሽ ነው። ቦንጋ ካሉ የእንግዳ ማረፊያዎች የተወሰኑት በዕጣ ይመረጡና ግማሾቹ ማንቂያና ከሮቶው ሥር እጅ የሚደርስበት ጌት ቫልቭ ይገጠምላቸው፤ ግማሾቹ እንደነበሩ ይቆዩ። ማታ ሁሉም ቧንቧና ወደ ሮቶው የሚገባው መስመር ተዘግቶ ሮቶው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ጠዋት ውሃው ስንት ጣት እንደወረደ ይጻፍ። በዕጣ የተመረጠ ቤት አስቀድሞ ጎርፍ ያየ ብቻ አይሆንም፤ ውጤቱም በሊትር ይነገራል።