የክረምት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ካምፕ፦ ከክብረ መንግሥትና ከደቡብ ቆላ ከተሞች አንጻር ሲመዘን

መግቢያ

ተማሪን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አንሥቶ ከሥራ ጋር የማገናኘት ሐሳብ ለኢትዮጵያ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ፣ ቀጥሎም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማረውን ወጣት ወደ ሕዝቡ አሠማርተዋል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የክረምት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ካምፕ ግን ጉዞውን ገልብጦታል። በዘመቻው ጊዜ ወጣቱ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ገጠር ይሄድ ነበር፤ ዛሬ የተመረጠው ተማሪ መሣሪያው ወዳለበት ማዕከል ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ለክብረ መንግሥት፣ ለሻኪሶ፣ ለነገሌ ቦረናና ለመሰል ከተሞች ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚበጅ መመርመር ነው።

የአሠራሩ መልካም ገጽታ

ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲመደቡ በ2000 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ የታችኛውን ደረጃ የሳይንስ ትምህርት የማጠናከሩ ጉዳይ ጎልቶ ወጥቷል። ስቴምፓወር የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት በቢሾፍቱ ፎቃ ከተከለው የመጀመሪያ ማዕከል ተነሥቶ፣ ባሕር ዳርን ከመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ማዕከላትን አስፋፍቷል። በእነዚህ ማዕከላት ወጣቶች ኤሌክትሮኒክስን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንና የቤተ ሙከራ ሥራን በእጃቸው ይለማመዳሉ።

የዚህ ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ክፍል ሙከራው በሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ ውጤቱም በቃል ይነገራል፤ ስለዚህም ፈጽሞ አይከሽፍም። በካምፑ ውስጥ ግን ሽቦው ተዛብቶ ሲገናኝ አምፖሉ አይበራም፤ ተማሪውም ምክንያቱን ፈልጎ ለማግኘት ይገደዳል። የሳይንስ አስተሳሰብ የሚወለደው ከዚህ ፍለጋ ስለሆነ፣ ካምፑ ለዚህ ዕድል መስጠቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

የአሠራሩ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት ምርጫውን ይመለከታል። ለካምፕ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ውጤታቸው ብልጫ ያላቸው ተማሪዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወቃል። በጀት ውስን ሲሆን ጥቂት ምርጦችን አብቅቶ ለአገር ማበርከት ይበጃል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል፤ ክብደትም አለው። ነገር ግን አገሪቱን የገጠማት ችግር የሦስቱ ሳይሆን የዘጠና ስድስቱ ነው። ከመቶ ሦስቱን ብቻ የሚያነሣ መርሐ ግብር የተሰጥኦ ማጎልበቻ ሊባል ቢችልም፣ የሳይንስ ትምህርት ማሻሻያ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። «ክረምት» የሚለው ቃል የደጋውን ዝናብ ያስታውሳል። በጉጂና በቦረና ግን ዋናው ዝናብ ገንና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ሐገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው አዶሌሳ ብርዳማና ደረቅ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ግጦሽና ውኃ እየራቀ ስለሚሄድ፣ ከብቱ ወደ ፎራ ሲወጣ የአርብቶ አደሩ ልጅ ጉልበት ይፈለጋል። ለከተማ ልጅ ባዶ የሆነው ወር ለእርሱ የሥራ ወር ነው። አንድ ወር ሙሉ ከቤት ርቆ የሚያድር ሥልጠና እንዲህ ያለውን ተማሪ ሳይከለክለው ያስቀረዋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የይዘት ጉዳይ ነው። መሣሪያው በሣጥን ተዘጋጅቶ ሲመጣ ጥያቄውም አብሮት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ተማሪው በመመሪያው መሠረት አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ገጣጥሞ ያስኬዳል፤ በመዝጊያው ቀን ያሳያል፤ መሣሪያው ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በኦሮምኛ ለተማረ ልጅ ደግሞ በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ማብራሪያ ርቀቱን ያሰፋዋል።

አካባቢው የሚያቀርበው ቤተ ሙከራ

ክብረ መንግሥት ያደገችው በአዶላ ወርቅ ነው። ለአካባቢው ወጣት ወርቅ ማጠብ የዘወትር ትዕይንት ነው። ወርቅ በሴንቲሜትር ኩብ 19.3 ግራም፣ ኳርትዝ ደግሞ 2.65 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ሳህኑ በውኃ ውስጥ ሲወዘወዝ አሸዋው የሚሄደው፣ ወርቁ የሚቀረው በዚህ የሰባት እጥፍ ልዩነት ነው። መምህሩ በወርቅ ፈንታ የእርሳስ ፍርፋሪ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ፣ ልጆቹ በእጃቸው እንዳይነኩት ተጠንቅቆ፣ ሙከራውን በአንድ ሳፋ ውኃ ሊያሳይ ይችላል። ወርቁን ለመለየት በባዜቃ ወይም በሜርኩሪ መጠቀም ግን በትምህርት ስም እንኳ ሊሞከር አይገባም፤ ተንኖ በትንፋሽ የሚገባ መርዝ መሆኑን ማስተማር ራሱ የኬሚስትሪ ክፍል ተግባር ነው።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል አልፎ የኅብረተሰቡን ሕይወት ይነካል። የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ነዋሪዎች ጤናችን ታወከ ብለው ባሰሙት ተቃውሞ ሳቢያ በ2010 ዓ.ም. ታግዶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ቀጥሏል። እንዲህ ባለ ክርክር መካከል የሚያድግ ወጣት የውኃ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና ውጤቱ እንዴት እንደሚመዘገብ ሊያውቅ ይገባዋል። የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ሜርኩሪን እንደማያሳይ መረዳትም እንዲሁ ዕውቀት ነው፤ መረጃ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለይቶ ማወቅን ያስተምራልና።

ወደ ደቡብ ዘልቆ የቦረና ቱላ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ሰዎች በመሰላል ላይ ተደራርበው ቆመው ውኃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። አሥር ሊትር ውኃ ሃያ ሜትር ለማንሣት ሁለት ሺህ ጁል ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ያሰላ ተማሪ፣ የጉልበትን ትርጉም ከመጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው «ገዳ» በተሰኘው ጥናታቸው የገለጹት የቦረና የዘመን አቆጣጠርም በጨረቃና በከዋክብት ምልከታ ላይ የተመሠረተ ነው። አያንቱ የተባሉትን ሊቃውንት በአንድ ሌሊት ለመምህርነት የሚጋብዝ ካምፕ፣ ለሥነ ፈለክ ትምህርት ውድ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ካምፑ ይቅር ለማለት አይደለም። ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩተር ለቆላው ልጅም ያስፈልጉታል፤ በአካባቢው ዕውቀት ብቻ ተወስኖ ይቅር ማለትም ሌላ በደል ይሆናል። የሚጠየቀው ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከተማሪው በፊት መምህሩን ቢያሠለጥኑ፣ ረጅሙን የአዳሪ ሥልጠና በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥ አጭር ሥልጠና ቢተኩ፣ የመግቢያ መስፈርቱንም ከክፍል ውጤት ሌላ የእጅ ሙያንና የጠያቂነት ዝንባሌን እንዲያካትት ቢያደርጉ፣ ወጪው ለብዙኃኑ ይደርሳል። መምህራንም ከአካባቢው የሚገኘውን ቁሳቁስ ለመጠቀም ፈቃድ እስኪሰጣቸው ሊጠብቁ አይገባም።

የካምፑ ውጤት በነሐሴ የመዝጊያ ትርዒት ሊመዘን አይችልም። መመዘኛው በኅዳር ወር በክብረ መንግሥት በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ፣ ለካምፕ ያልተመረጡት ተማሪዎች በእጃቸው የሚሠሩት ሙከራ መኖር አለመኖሩ ነው።