ታንኳ የሚሸከም ጣሪያ

እዚህ ቨርጂኒያ ካያክ ገዝቶ ፖርቶ መጋላ የሚፈልግ ወዳጅ ሲያማክረኝ፣ መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንዲያመጣ እጠይቀዋለሁ። ጣሪያው በጉዞ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈው እዚያ ነው። ብዙ የቤት መኪኖች 75 ኪሎ ገደማ ይችላሉ፤ ከዚህም የፖርቶ መጋላው አግዳሚዎችና መያዣዎች ክብደት ይቀነሳል። ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የፕላስቲክ ካያኮች ይበቁታል፤ ሦስተኛ አይደረብም።

የፖርቶ መጋላ አምራቾቹ ቱሌም ሆነ ያኪማ ጥሩ ዕቃ ስለሚሠሩ በስሙ ብዙ አልከራከርም። እኔ አጥብቄ የምይዘው በፊተኛውና በኋለኛው አግዳሚ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ካያክ አራት ሜትር፣ ካኑ አምስት ሜትር ይደርሳል። በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተተከሉ ሁለት ብረቶች ላይ ሲቀመጥ፣ ወደ ሼናንዶዋ ወንዝ በሚወስደው 66 አውራ ጎዳና ላይ የጎን ነፋስ አፍንጫውን ያወዛውዘዋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ረጅም የጣሪያ ሬይል ያለው መኪና ትልቅ ዕድል ነው፤ አግዳሚዎቹን እስከ አንድ ሜትር ማራራቅ ይቻላል። አግዳሚው በር አናት ላይ ብቻ የሚነክስበት አጭር መኪና ያለው ሰው ግን የታንኳውን አፍንጫና ጅራት ከመኪናው ፊትና ኋላ በገመድ ሳያስር ከግቢ እንዲወጣ አልመክርም።

ካኑ ተደፍቶ በጠርዞቹ ስለሚቀመጥ ልዩ መያዣ አይፈልግም። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የሚያስፈልገው ረጅም አግዳሚ ነው። ለካያክ በጄ ቅርጽ የታጠፈው መያዣ ቦታ ይቆጥባል፤ ታንኳው በጎኑ ስለሚቆም ሁለት ጎን ለጎን ይገባሉ። ለብቻው ለሚጭን ሰው ግን አልመርጥለትም፤ ካያኩን ከመያዣው ጫፍ በላይ ማንሳት ትከሻ ይጎዳል። ከኋላ አስደግፎ ወደ ፊት የሚገፋበት ዝቅ ያለ ኮርቻ ይሻለዋል።

ለማሰሪያ ተራ ዘለበት ያለው ቀበቶ ይበቃል። በክሪክ የሚወጠረው ከልክ በላይ ይጨምቃል፤ በሐምሌ ፀሐይ የለሰለሰ ፕላስቲክ ደግሞ ቶሎ ይሰረጉዳል። ቀበቶውን አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ካደረጉት በነፋስ አይጮኽም። አስሬ ስጨርስ አፍንጫውን ይዤ ግራና ቀኝ እገፋዋለሁ። መኪናው አብሮ ከተነቃነቀ እንሄዳለን፤ ካያኩ ለብቻው ከተንሸራተተ ፈትቼ እንደገና አስራለሁ።