የማሽኑ ጥፋትና የዘሩ ጥፋት

አከርካሪው የተጣመመ ዘንዶ ሲፈለፈል አርቢው መጀመሪያ የሚያየው ቴርሞሜትሩን ነው። ደግም ያደርጋል። ቦል ፓይተን የሚባለው ዘንዶ እንቁላል ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ተቀምጦ በ55 እና በ60 ቀን መካከል ይፈለፈላል፤ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ፅንሱ ባይሞትም አጥንቱ ሊበላሽ ይችላል። እኔ የቴርሞሜትሩን ጫፍ እንቁላሎቹ መሀል ነው የማኖረው፤ መፈልፈያው ግድግዳ ላይ የሚነበበው ቁጥር የአየሩ እንጂ የእንቁላሉ አይደለም።

ግን ሁሉንም በመፈልፈያው ማሽን ማሳበብ ለእኛ ለአርቢዎች ይመቸናል። ማሽን ይጠገናል፤ ዘሩ ደግሞ የምንሸጠው ዕቃ ነው። ካራሜል አልቢኖ የሚባለው መልክ ሙቀቱ ሳይዛነፍም ጎባጣ ልጅ ያመጣል። ሲናሞን የሚባል መልክ ያላቸው ሁለት ዘንዶዎች ተዳቅለው የሚወጣው ጥቁር ዘንዶም አፉ ዳክዬ አፍ የምንለው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

የሚያከራክረን ግን ስፓይደር ነው። ጀርባው ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር የተዘረጋበት ይህ መልክ እ.ኤ.አ. በ1999 ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ከገባ አንድ ዘንዶ የተራባ ነው ይባላል። ጂኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል፤ ስፓይደር ከተራ ዘንዶ ጋር ቢዳቀል ከልጆቹ በግምት ግማሾቹ ስፓይደር ይሆናሉ፤ ከመልኩ ጋር የሚመጣውን መንገዳገድም አብረው ይወርሳሉ። አንዱ ምግብ ሲሸተው ብቻ ራሱን ያዘነብላል፤ ሌላው አንገቱን ያጠማዝዛል፣ አይጥ ሊይዝ ሲወረወር ይስታል፣ ከተገለበጠ መቃናት ያቅተዋል።

«የእኔ ዘር አይንገዳገድም» የሚል ሻጭ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ግን የስፓይደርን የውስጥ ጆሮ መርምሮ፣ ሚዛን የሚጠብቁት ቦዮችና ከረጢት ተዛብተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ያልቃል። ረጋ ያለውን መርጦ ማዳቀል የተዛባ ጆሮ አያቃናም። በእንግሊዝ ኢንተርናሽናል ሄርፔቶሎጂካል ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር ስፓይደር በትርኢቶቹ እንዳይሸጥ ከልክሏል። «ይበላል፣ ይወልዳል፣ ምን ጎደለው?» ለሚሉኝ፣ ሚዛኑን ያጣ እንስሳም ሲርበው ይበላል እላለሁ።

ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የዘሩ ለመለየት እኔ የማየው ጉድለቱ በየትኞቹ ልጆች ላይ እንደወጣ ነው። መልኩ ሳይለይ ብዙው ልጅ ከጎበጠ ማሽኑን እጠረጥራለሁ። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ብቻ ከሆኑ ወይም ሙቀቱ ተስተካክሎም ከዚያው ጥንድ ጎባጣ ከተደገመ ወላጆቹን ዳግም አላገናኝም። ጉብጠቱ ቀላል የሆነ ልጅ በልቶ ያድጋል፤ ምግብ ማሳለፍ የማይችለውን ወደ እንስሳት ሐኪም እወስደዋለሁ። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመግደል ፍሪዘር ውስጥ የሚከቱም አሉ፤ እሱ በዝግታ መግደል ነው።