ቻይናና የድምፅ ቍልፍ፤ የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ መመሥረቻ ውል ሲመረመር

ቻይና በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ላይ ታሰማው የነበረው አቤቱታ እውነት ያለበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በድርጅቱ ሕግ ታላላቅ ውሳኔዎች የሚጸኑት ከመቶ 85 እጅ ድምፅ ሲያገኙ ነው። አሜሪካ ከ16 እጅ በላይ ስለ ያዘች፣ እርሷ እንቢ ካለች ነገሩ ይቆማል። በ2010 የቻይናን ድርሻ ከመቶ 4 ወደ 6 እጅ ገደማ የሚያደርስ ማሻሻያ ስምምነት ቢደረስበትም፣ የአሜሪካ ኮንግረስ እስኪቀበለው ድረስ አምስት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ። ማሻሻያው የጸናውና በቤጂንግ አዲሱ ባንክ የተከፈተው በአንድ ወር፣ በጃንዋሪ 2016 መሆኑ የሚያስገርም ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች 100 ቢሊዮን ዶላር ካፒታል የተመደበለትን ይህን ባንክ ለድኆች አገሮች የተከፈተ በር አድርገው ያወድሱታል። ውሉን ላነበበ ሰው ግን ውዳሴው ልክ ያለፈ ነው። በ28ኛው አንቀጽ መሠረት እጅግ ከባድ የሆኑት ጉዳዮች የሚወሰኑት ከገዥዎቹ ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙና እነዚሁም ከጠቅላላው ድምፅ ሦስት አራተኛውን ሲይዙ ነው። ቻይና ከመቶ 26 እጅ ያህል ይዛለች። እንግዲህ ከሩብ በላይ የያዘ ብቻውን ሊዘጋ ይችላልና፣ በዋሽንግተን የተነቀፈው ቍልፍ በቤጂንግ በር ላይ ተገጠመ ማለት ነው።

ለውሉ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ለአባሎች ሁሉ እኩል የሚታደለው መሠረታዊ ድምፅ በገንዘብ ድርጅቱ ከመቶ 5.5 እጅ ሲሆን በባንኩ 12 እጅ ነው። ሆኖም በ2017 አባል የሆነችው ኢትዮጵያ ድምፅዋ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቻይና ለአፍሪካ ያበደረችው ገንዘብ በዚህ ውል በኩል የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ—ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ብድር፣ ለምሳሌ፣ የመጣው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ነው፤ እዚያም ተበዳሪው ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ የለም። ኢትዮጵያ በ2021 ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት ስትጠይቅ፣ የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። በመርሕ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው በማርች 2025 ነው። አራት ዓመት! መዘግየቱን ሁሉ በቻይና ላይ መጫን አይቻልም፤ በመካከሉ ጦርነትም ነበረ። ኮሚቴው ግን የድምፅ ሠንጠረዥ የለውም፤ መመሥረቻ ውል የለውም፤ ተበዳሪው አገር ጠቅሶ አቤት የሚልበት 28ኛ አንቀጽም የለውም።