የቤይሊፍ የገበሬ ቤትና የተወገደው ጢስ መውጫ

አንድ ጥንታዊ ቤት ከጥፋት ሲድን ከዘመኖቹ የሚድነው የትኛው ነው? ቤትም እንደ ጽሑፍ የታሪክ ማስረጃ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው ለአናጢና ለግንበኛ ብቻ የሚተው አይደለም። ለምርመራችን የመረጥነው በእንግሊዝ አገር በኬንት ግዛት፣ በቺዲንግስተን አካባቢ ተሠርቶ ዛሬ በዌስት ሰሴክስ፣ በሲንግልተን የሕንፃዎች ሙዚየም የሚታየውን ቤይሊፍ የተባለውን የገበሬ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቤይሊፍ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ባለጸጋ ገበሬዎች ይሠሩት ከነበረው የዊልድ ቤት ከሚባለው ዓይነት ነው። መካከሉ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት የሆነ አዳራሽ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ባለ ፎቅ ክፍሎች አሉት። የፎቆቹ ፊት ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሁሉንም የሚሸፍነው ግን አንድ ጣራ ነው። ስለዚህ የአዳራሹ ግድግዳ ከጣራው ክፈፍ ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል። በአንዱ ጫፍ የምግብና የመጠጥ ማስቀመጫ ክፍሎች፣ በሌላው የባለቤቱ ክፍሎች ይገኛሉ። እሳቱ በአዳራሹ ወለል ላይ ይነድዳል፤ ጢሱም ወደ ጣራው ወጥቶ በቀዳዳው ሁሉ ይበተናል። መስኮቶቹ መስተዋት የላቸውም፤ የእንጨት ዘንጎችና መዝጊያዎች ብቻ ናቸው።

አጥንቱ ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ የተጠረበ ነው። አናጢው እንጨቱን አስቀድሞ በልክ አዘጋጅቶ፣ ወንዴውን በሴቴው አግብቶ በእንጨት ችንካር ያያይዘዋል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በማገርና በጭቃ ይሞላል። እንዲህ የተገጠመ ቤት ሊፈታና እንደገና ሊገጠም ይችላል። የቤይሊፍም መዳን የተቻለው በዚሁ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በባው ቢች የውሃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ሲወሰን ቤቱ በግንባታው ቦታ ውስጥ ተገኘ። በሮይ አርምስትሮንግ መሪነት በ1967 የተቋቋመው ሙዚየም ተረከበው፤ በ1968 እና በ1969 ተፈቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲሱ ቦታ ተተከለ።

ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ክፍት አዳራሽ ምን እንደሚመስል ከሥዕል ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ፣ ብርሃኑንና ስፋቱን ቆሞ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ሲተከል ኋላ የገቡት ለውጦች፣ ከነዚህም ዋናው ጢስ መውጫ፣ ቀርተው መካከለኛው ዘመን መልኩ እንዲመለስ ተደረገ። የምንነቅፈው ይህን ነው።

ጢስ መውጫ ተራ ጭማሪ አይደለም። እሳቱ ከወለሉ መካከል ተነሥቶ በግንብ ውስጥ ሲገባ ጢሱ ጣራውን ይለቃል፤ ስለዚህ በአዳራሹ ላይ ፎቅ ማንጠፍ ይቻላል፤ ቤተሰቡም ከአንድ እሳት ዙሪያ ወደ ልዩ ልዩ ክፍሎች ይከፋፈላል። ዊልያም ሃሪሰን በ1577 በታተመው የእንግሊዝ መግለጫው፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዘመናቸው ካዩዋቸው ታላላቅ ለውጦች አንዱ የጢስ መውጫ መብዛት መሆኑን መዝግቧል። የታሪክ ሊቁ ሆስኪንስም በ1953 ባወጣው ጥናት ከ1570 እስከ 1640 ያለውን ጊዜ የገጠሩ እንግሊዝ ታላቅ የዳግም ግንባታ ዘመን ብሎታል። ማቺን በ1977 የዘመኑን ወሰን ተከራክሯል፤ የለውጡን ታላቅነት ግን ማንም አልካደም። እንግዲህ ዛሬ የሚታየው ቤይሊፍ ለውጡ ከየት እንደ ተነሣ ያስተምራል፤ ለውጡን ራሱን ግን ይሰውራል።

ደግሞስ የተመለሰው የትኛው መካከለኛ ዘመን ነው? አዳራሹ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ የባለቤቱ ክፍሎች ግን በ16ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። ቤቱ ራሱ የሁለት ትውልድ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ጭማሪ ተከብሮ ሌላው መወገዱ የእንጨቱ ምስክርነት ሳይሆን የመራጩ ፍርድ ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ያቋቋሙት፣ አዳሾች አንድ ዘመን መርጠው የሌላውን ሥራ እየፋቁ በማጥፋታቸው ተቈጥተው ነበር። ከ1947ቱ ሕግ ወዲህ በእንግሊዝ አገር በመዝገብ የገባ ቤት ባለበት ቦታ ይጠበቃል፤ ባሕርዩን የሚነካ ለውጥ ያለ ፈቃድ ማድረግም ወንጀል ነው። የኋላ ዘመን ጢስ መውጫም የቤቱ ታሪክ አካል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ተመዝግቦ በቦታው የቀረ የገበሬ ቤት ለዓይን የተዘበራረቀ ቢመስልም የኖሩበትን ሁሉ ያስታውሳል።

የሙዚየሙ ወገኖች ቤቱ ባይነሣ ኖሮ ጨርሶ በጠፋ ነበር፣ ደግሞም ክፍት አዳራሽን ከነጢስ መውጫው ማሳየት አይቻልም ይሉ ይሆናል። የመጀመሪያው መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤቱን ማንሣትና መልኩን መለወጥ ኹለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ሁለተኛውም እውነት ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ዋጋ ነበረው ማለት ነው፤ ዋጋውም ለተመልካቹ ሊነገረው ይገባል።

በእኛ አስተያየት ቤይሊፍ የ15ኛው ምዕተ ዓመት ቤት ብቻ ተብሎ ሊነበብ አይገባም። የጥንቱ እንጨት፣ የኋለኞቹ ነዋሪዎች ለውጥና የ20ኛው ምዕተ ዓመት አዳሾች ፍርድ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኝተውበታል። ተማሪው ወደ አዳራሹ ሲገባ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን፣ ጢስ መውጫው ቆሞበት የነበረውን ባዶ ስፍራም መመርመር አለበት።